ጊታር ላይ ፍጥነት እንዴት ይሠራል? የአምባሰል መንገድ

ኤሌክትሪክ ጊታር የያዘ ወጣት፣ ቤቱ የወሎዋ መካነ ሰላምም ይሁን አዲስ አበባ፣ ብዙ ሳይቆይ አንድ ጥያቄ ይይዘዋል፦ ጎበዞቹ እንዴት ነው እንዲያ የሚፈጥኑት? መልስ ፍለጋ ስልኩን ይከፍታል። እዚያ የሚያገኘው ትምህርት ባብዛኛው ሰባት ድምፅ ባለው የምዕራባውያን ስኬል ላይ የቆመ ነው። ያንኑ ለወራት ይለማመዳል። ከዚያ ሠርግ ላይ ወይም የትምህርት ቤት መድረክ ላይ «እስቲ አንድ አምባሰል» ሲባል የለመደው ሁሉ አልገጥም ይለዋል። ጣቶቹ መንገዱን አያውቁትም፤ ፒኩም (ክር መምቻው) ክር በቀየረ ቁጥር ይደናቀፋል።

ፍጥነት የሚመጣው ከእንቅስቃሴያችን ውስጥ የማያስፈልገውን እየቀነስን ስንሄድ ነው። ለዚህ ቅነሳ ደግሞ የወሎ ቅኝቶች እጅግ የተመቹ መለማመጃዎች ናቸው። ይህን የምለው ለአገር ዜማ ካለኝ ፍቅር ብቻ አይደለም። ጊታሩ ራሱ የተቃኘበት ስሌት ይህንኑ ይላል። ስሌቱን ደረጃ በደረጃ እንየው።

ፍጥነት በቁጥር ሲታይ

ሜትሮኖምን በደቂቃ 60 ላይ ብንሞላው በየሰከንዱ አንድ ምት ይሰማል። በአንዱ ምት ውስጥ አራት ድምፅ የሚያስገባ ሰው በሰከንድ አራት ጊዜ ይመታል ማለት ነው። 120 ላይ ስምንት ይሆናል፤ 160 ላይ ደግሞ ከአሥር ያልፋል። በሰከንድ አሥር ድምፅ ሲሆን ለአንዱ ድምፅ የሚደርሰው ጊዜ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ነው። በዚያች ቅጽበት ፒኩ ክሩን መትቶ መውጣት፣ ካስፈለገም ወደ ሌላ ክር መሻገር አለበት። የግራ እጅ ጣትም ቀድሞ ቦታው ላይ መገኘት አለበት።

አሁን የጀማሪን ቀኝ እጅ እንመልከት። ፒኩ ክሩን ከመታ በኋላ ሁለት ሳንቲ ሜትር ርቆ ይመለሳል። የሠለጠነው እጅ ግን ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ርቆ ይመለሳል። የጀማሪው ፒክ ለአንዱ ድምፅ አሥር እጥፍ መንገድ ይጓዛል ማለት ነው። ልጁ ደካማ ስለሆነ አይደለም የሚዘገየው፤ መንገዱ ስለረዘመበት ነው።

ሌላው ጠላት መገተር ነው። የእጅ አንጓን ወደ ታች የሚወስዱትና ወደ ላይ የሚመልሱት ጡንቻዎች የተለያዩ ናቸው። አንደኛው ሲስብ ሌላኛው መላላት አለበት። ተማሪው «ልፍጠን» ብሎ ክንዱን ሲያጠነክር ግን ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይስባሉ፤ አንጓው ይቆለፋል። ምልክቱ ቶሎ ይታያል፦ ትከሻ ወደ ጆሮ ይወጣል፣ ጥርስ ይነከሳል፣ ትንፋሽ ይያዛል። እነዚህ ከታዩ ፍጥነቱን ዝቅ ማድረግ ግዴታ ነው፤ አእምሮ የሚደጋገመውን ሁሉ ስለሚማር መገተሩንም አብሮ ይማረዋልና።

ቀኝ እጅ፦ ፒኩ በየት በኩል ይውጣ?

ፒኩን በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ጎን መካከል ያዙት። ከጣት ውጭ የሚታየው ጫፍ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ይሁን። ለፍጥነት የሚመረጠው ወፈር ያለው፣ 1 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነው ነው፤ ቀጭኑ ክሩን ሲነካ ስለሚታጠፍ ተመልሶ እስኪቃና ጊዜ ይበላል። መሠረቱ አልተርኔት ፒኪንግ የሚባለው ነው፤ አንድ ወደ ታች፣ አንድ ወደ ላይ፣ ሳያቋርጡ።

አንድ ክር ላይ ብቻ ከሆነ ይህን ማንም ቶሎ ይለምደዋል። ጣጣው የሚመጣው ክር ሲቀየር ነው። ይህን ለማየት ጊታሩን ብርሃን ሥር አድርጋችሁ የፒኩን ጫፍ ብቻ ተመልከቱ። እጁ በጥቂቱ አጋድሎ የፒኩ ጉዞ ሰያፍ ሲሆን፣ ወደ ታች ሲመታ ጫፉ በሁለት ክሮች መካከል ይገባል። ወደ ላይ ሲመታ ግን ከክሮቹ በላይ ወደ አየር ይወጣል። ወደ ላይ ከመታ በኋላ ነፃ ነው፤ ያለ ምንም እንቅፋት ወደ ፈለገው ክር ያልፋል። ወደ ታች ከመታ በኋላ ግን በሁለት አጥር መካከል እንደገባ ጥጃ ነው፤ ለመውጣት መዝለል አለበት። ያቺ ዝላይ ናት ፍጥነት ሲጨምር ክር የምታስስተው።

እንግዲህ ሕጉ ቀላል ነው። በየክሩ ላይ የመጨረሻው ምት ወደ ላይ ከሆነ፣ እጅ ሳይደናቀፍ ይሻገራል። ይህ እንዲሆን በአንድ ክር ላይ የሚመቱት ድምፆች ጥንድ መሆን አለባቸው፤ ሁለት ወይም አራት።

አምስት ድምፅ፣ በየክሩ ሁለት

የወሎ ቅኝቶች እዚህ ላይ ይመጣሉ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ አላቸው። አንድ ስምንዮሽ 12 ግማሽ ድምፆች አሉት። አምስቱ የቅኝት ድምፆች በዚያ ውስጥ ሲከፋፈሉ፣ ሁለት ድምፅ በመጓዝ በአማካይ 4.8 ግማሽ ድምፅ እንወጣለን። የጊታር ክሮች ደግሞ በአምስት አምስት ግማሽ ድምፅ ተራርቀው የተቃኙ ናቸው፤ ከሦስተኛው ወደ ሁለተኛው ክር ብቻ አራት ነው። 4.8 እና 5 ጎረቤት ናቸው። ስለዚህ አምስት ድምፅ ያለው ቅኝት ጊታር ላይ በየክሩ ሁለት ሁለት ሆኖ ይቀመጣል።

ሰባት ድምፅ ያለው ስኬል በዚያው ስሌት በየክሩ ሦስት ሦስት ይሆናል። ሦስት ጎዶሎ ቁጥር ነው። አንዱ ክር በወደ ታች ምት ያልቃል፣ ቀጣዩ በወደ ላይ፤ ፒኩ በየሁለት ክሩ አንዴ ይታገታል። አሜሪካዊው አል ዲ ሜኦላ በዚህ ዓይነቱ አመታት ዝናን ያተረፈ ሰው ነው፤ እዚያ ለመድረስ የሚጠይቀው ድካም ግን ቀላል አይደለም። የእኛ ተማሪ በአምባሰል ቢጀምር ያ እንቅፋት ከመንገዱ ላይ ይነሳለታል። ከቴክሳስ የመጣው ኤሪክ ጆንሰንም ፈጣን ዜማዎቹን አብዝቶ የሚያፈሰው ከአምስት ድምፅ ስኬል ነው።

አምባሰል፣ ጣት በጣት

አምባሰል ስሙን ከደሴ በስተሰሜን ካለው አገር ያገኘ ቅኝት ነው፤ የወሎዋ ማሪቱ ለገሠ ድምፅ ከእሱ ጋር ተያይዞ በብዙ ሰው ጆሮ ውስጥ አለ። ከሬ ተነስተን ብንቃኘው ድምፆቹ ሬ፣ ሚ ቤሞል፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ ቤሞል ይሆናሉ። በተለመደው የጊታር አቃኛኘት ቦታቸው በፍሬት (አንገቱን በሚከፋፍሉት ብረቶች) ቁጥር እንዲህ ነው፦

ስድስተኛው (ወፍራሙ) ክር፦ 10ኛ እና 11ኛ ፍሬት
አምስተኛው ክር፦ 10ኛ እና 12ኛ
አራተኛው ክር፦ 8ኛ እና 12ኛ
ሦስተኛው ክር፦ 8ኛ እና 12ኛ
ሁለተኛው ክር፦ 10ኛ እና 11ኛ
አንደኛው (ቀጭኑ) ክር፦ 10ኛ እና 11ኛ

ጠቋሚ ጣት 8ኛውን፣ የመሐል ጣት 10ኛውን፣ የቀለበት ጣት 11ኛውን፣ ትንሿ ጣት 12ኛውን ይዘው ይቆያሉ። እጅ ወዲያ ወዲህ አይልም። በየክሩ አንድ ወደ ታች፣ አንድ ወደ ላይ፤ ስትወጡም ስትወርዱም ያው።

ከባዱ ቦታ 8ኛውና 12ኛው ናቸው፤ የአምባሰል ሰፊ ርምጃ እዚያ ላይ ስላለ ነው። ቅኝቱን ወደ ላይኛው የአንገት ክፍል ያመጣነውም ለዚህ ነው። የክሩ ርዝመት 648 ሚሊ ሜትር በሆነ ጊታር ላይ ከ8ኛው እስከ 12ኛው ፍሬት 84 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ያው ርምጃ ከ3ኛው እስከ 7ኛው ፍሬት ቢሆን ግን 112 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ሦስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ለትንሿ ጣት ትልቅ ልዩነት ነው። ይህም የከበደው ሰው በሜጀሩ ትዝታ ይጀምር፤ ከዶ ሲቃኝ ከ5ኛው እስከ 8ኛው ፍሬት ባለው ቦታ ውስጥ ያለ መለጠጥ ይገባል፦ በወፍራሙ ክር ላይ 5 እና 8፣ ከዚያ በሦስቱ መካከለኛ ክሮች ላይ 5 እና 7፣ በሁለቱ ቀጫጭኖች ላይ እንደገና 5 እና 8።

ምቱንም ከአገሩ እንውሰድ። በስድስት የሚቆጠረው ችክችካ ለዚህ ልምምድ ልክ ነው። ሦስት ክር ላይ ሁለት ሁለት ድምፅ ስድስት ይሆናል። ከስድስተኛው እስከ አራተኛው ክር አንድ ዙር፣ ከሦስተኛው እስከ አንደኛው ሌላ ዙር። የዙሩ መጀመሪያ ሁልጊዜ ወደ ታች ምት ላይ ስለሚያርፍ፣ እግር መሬት ሲመታ እጅም አብሮ ይመታል። ተማሪው ፍጥነት ሲለማመድ ምቱን እየሳተ የሚሄደው ብዙውን ጊዜ ይህ መያዣ ስለሌለው ነው።

ግራ እጅ፦ የማሲንቆው ትምህርት

ሌጋቶ ማለት ድምፆችን ሳይቆርጡ አያይዞ መጫወት ነው። ይህን ከማሲንቆ በላይ የሚያስተምር መሣሪያ በአቅራቢያችን የለም። ማሲንቆ አንድ የፈረስ ጭራ ክር ብቻ ነው ያለው። ደጋኑ እስከተሳበ ድረስ ድምፁ አይቋረጥም፤ ጣቶች ክሩን እየነኩና እየለቀቁ ዜማውን ይቀያይራሉ። ጊታር ግን ደጋን የለውም። ፒኩ አንዴ ከመታ በኋላ ድምፁ ወዲያው መድከም ይጀምራል። ታዲያ ምን ያያይዘዋል?

ሁለት ነገር። አንደኛው ኤሌክትሪኩ ነው። ፒክአፕ ማግኔትና የተጠመጠመ ሽቦ ነው፤ የብረት ክር በላዩ ሲንቀጠቀጥ ሽቦው ውስጥ ደቃቅ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ አምፕሊፋየሩ ያንን አጉልቶ ያወጣዋል። ስለዚህ በጣት ብቻ የተነካች ደካማ ድምፅ እንኳ ትሰማለች። ክሩም ቀጭን መሆኑ ይረዳል፤ አንደኛው ክር 0.009 ወይም 0.010 ኢንች የሆነ ስብስብ ለጀማሪ ጣት ይራራል።

ሁለተኛው የጣት ሥራ ነው፤ ሐመር ኦንና ፑል ኦፍ። በአራተኛው ክር ላይ እንየው። ጠቋሚ ጣት 8ኛው ላይ ተጭኖ ፒክ ይመታል። ድምፁ ገና ሳይደክም ትንሿ ጣት 12ኛው ላይ፣ ከፍሬቱ ብረት አጠገብ፣ ትወርዳለች፤ ፒክ ሳይነካው ሁለተኛው ድምፅ ይወጣል። ይህ ሐመር ኦን ነው። ድምፁን የሚያጎላው የጣቷ ክብደት ወይም ተጭና መቆየቷ አይደለም፤ ክሩን በምትነካበት ቅጽበት ያላት ፍጥነት ነው። ከወረደች በኋላ እንዳትነሳ ያህል ብቻ መጫን ይበቃል። ከክሩ በጣም ርቃ እንዳትነሳ ተጠንቀቁ፤ ያለበለዚያ የፒኩ ረጅም መንገድ እዚህም ይደገማል።

ፑል ኦፍ የመልሱ ጉዞ ነው። ብዙ ተማሪ ጣቱን ቀጥ አድርጎ ያነሳና ድምፁ ይጠፋበታል። ጣቷ ስትለቅ ክሩን በትንሹ ወደ ወለሉ አቅጣጫ ሳብ አድርጋ መልቀቅ አለባት፤ ፒክ ሆና እንደማለት ነው። ከሥሯ ያለው ጠቋሚ ጣት ደግሞ ቀድሞ ቦታውን ይዞ መጠበቅ አለበት። እንግሊዛዊው አለን ሆልድስዎርዝ (1946–2017) ከጊታር ይልቅ እንደ ሳክስፎን ያለ ድምፅ የሚፈልግ ሰው ነበር። የፑል ኦፍን መጎተት ስላልወደደው ሲወርድም ጣቶቹን ከላይ እየጣለ ነበር የሚጫወተው። እዚያ መድረስ ጊዜ ይፈልጋል፤ ግቡ ግን ያው ነው፦ እያንዳንዱ ድምፅ እኩል ይሰማ።

አምባሰል ውስጥ ሌጋቶ ሁለት ማረፊያ አለው። የ10ኛውና የ11ኛው ፍሬት ግማሽ ድምፅ ለማንቀጥቀጥ ነው፤ አንዴ ተመትቶ ሁለት ሦስቴ ሐመርና ፑል ሲደረግበት የአዝማሪው የጣት ንዝረት ወዲያው ይመጣል። የ8ኛውና የ12ኛው ሰፊ ርምጃ ደግሞ ጣት ሳይነሳ ተንሸራትቶ ሊሄድ ይችላል፤ ማሲንቆ ፍሬት ስለሌለው ዘወትር የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ሌጋቶ ለቀኝ እጅም ዕዳ ይከፍልለታል። በየክሩ አንድ ድምፅ በፒክ፣ አንድ በሐመር ኦን ቢወጣ ፒኩ ሥራው በግማሽ ይቀንሳል። ሰባት ድምፅ ያለው ስኬል ላይም ሦስተኛውን ድምፅ ለግራ እጅ ብንተወው፣ ፒኩ ታች፣ ላይ ብሎ ነፃ ሆኖ ይወጣል። ሁለቱን እጆች የተለያየ ትምህርት አድርጎ መለማመድ የማይጠቅመው ለዚህ ነው። አንደኛው የሚደናቀፍበትን ሌላኛው ይሸፍናል።

ዝም ማሰኘት፦ የክራሩ ትምህርት

ኤሌክትሪክ ጊታር ጎበዙንም ስህተቱንም እኩል ያጎላል። ያልተመታ ክር ሲንጫጫ ፈጣን ዜማ ወደ ጉርምርምታ ይለወጣል። እዚህ ላይ አስተማሪው ክራር ነው። ክራር በሁለት መንገድ ይጫወቱታል፤ በጣት እየነጠሉ፣ ወይም ሁሉንም ክሮች በመምቻ እየገረፉ። በሁለተኛው መንገድ ቀኝ እጅ ሁሉንም ሲገርፍ፣ የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለጉትን ክሮች ነክተው ዝም ያሰኟቸዋል። የሚሰማው ዜማ ያልታፈኑት ክሮች ናቸው። የካሳ ተሰማን፣ የአስናቀች ወርቁን፣ የሜሪ አርምዴን ክራር በጥሞና ላዳመጠ ሰው ዝምታው ራሱ በእጅ የተሠራ መሆኑ ይገባዋል።

ጊታር ላይ ሥራው በሁለት እጅ ይከፈላል። የቀኝ መዳፍ ጠርዝ ከምንመታው በላይ ያሉትን ወፋፍራም ክሮች በስሱ ይነካል። የግራ ጠቋሚ ጣት ደግሞ በተኛው ጎኑ ቀጫጭኖቹን ያፍናል። ይህን ለማዳመጥ ጥሩ መነሻ በ1975 (እ.ኤ.አ.) የተቀረጸው የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» ነው። አጃቢው አይቤክስ ባንድ ሲሆን ጊታሩን የያዘው፣ በኋላም በሮሃ ባንድ የታወቀው ሰላም ስዩም ነው። ከዘፈኑ ውስጥ ጊታሩን ብቻ ለይታችሁ ተከታተሉት።

መብራት ሲኖርና ሲጠፋ

መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍታ በላይ ናት፤ በአቀስታ በኩል ወደ ለጋምቦ ሲወጣ ብርዱ ይብሳል። ጠዋት ላይ የብረት ክር ይቀዘቅዛል፣ ጣትም ይደነዝዛል። የቀዘቀዘ እጅ ነርቭና ጡንቻ ይዘገያል። በዚያ እጅ ፍጥነት መሞከር ለጅማት ጉዳት መጋበዝ ነው። እጅን በሞቀ ውኃ ወይም በትኩስ ስኒ ማሞቅ፣ ከዚያ በዝግታ ትዝታን ወጣ ወረድ ማለት የልምምዱ አካል ይሁን። ሕመም ከተሰማ የዚያ ቀን ልምምድ እዚያው ያብቃ።

መብራት ሲጠፋም ጊታሩ አይሰቀል። ያለ አምፕሊፋየር የሚሰማው ቀጭን ድምፅ የፒኩን ታች ላይና ክር መቀየሩን ለመለማመድ ይበቃል። አንድ አደጋ ግን አለው፦ ድምፁ እንዲጎላ ብለው ጠንክረው መምታትና መጫን ይለምዱበታል። የማይፈለጉ ክሮች ጉርምርምታም አይሰማም። ስለዚህ መብራት ሲኖር ሌጋቶውንና ማፈኑን፣ ሲጠፋ የቀኝ እጁን መንገድ ማድረጉ ጊዜን በአግባቡ ይከፋፍላል።

ከዝግታ ወደ ፍጥነት

«በዝግታ ጀምር፣ ሜትሮኖሙን ትንሽ ትንሽ ጨምር» የሚለው ምክር እውነት አለው፤ ሙሉ ግን አይደለም። በዝግታ ሲሆን ማንኛውም የእጅ አካሄድ ይሠራል፤ ፒኩ በሁለት ክር መካከል ቢታገትም ለመዝለል ጊዜ አለው። የአካሄዱ ስህተት የሚገለጠው ሲፈጥን ብቻ ነው። ስለዚህ ልምምዱ ሦስት ክፍል ይኑረው።

መጀመሪያ በዝግታ፣ እያንዳንዱን ምትና ጣት እያዩ። ቀጥሎ አጭር ሩጫ፦ ሁለት ክር ብቻ፣ አራት ድምፅ፣ እጅ በሚችለው ፍጥነት፣ ከዚያ ቆም ብሎ ክንድን ማላላት። አራት ድምፅ መገተር ሳይጀምር ስለሚያልቅ እጁ ፈጣን አካሄድ ምን እንደሚመስል ይማራል። ያ ሲጸዳ ሦስት ክር፣ ስድስት ድምፅ፣ አንድ ሙሉ የችክችካ ዙር። በመጨረሻም መካከለኛ ፍጥነት ላይ የምትወዱትን የአምባሰል ዜማ መጫወት፤ ፍጥነቱ ዜማ ውስጥ ካልገባ የጣት እንቅስቃሴ ሆኖ ይቀራል። በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ በሳምንት አንዴ ከሚደረግ ረጅም ልምምድ ይሻላል፤ አእምሮ በቀን የተማረውን እንቅስቃሴ ሌሊት በእንቅልፍ ያጠናክረዋልና።

በወሎዎቹ ቦረና፣ ወግዲ፣ ከላላና ሳይንት ውስጥ ጊታር የያዘ ወጣት ከሌላ ቦታ ዘግይቶ የጀመረ የሚመስለው ብዙ ነው። ነገር ግን ጆሮው በሕፃንነቱ የሞላው ዜማ ለመሣሪያው ልክ የሆነ ነው። ሰምቶ ያደገውን አምባሰል ማዜም ይችላል፤ ቀጣዩ ድምፅ የት እንደሆነ ሳያስብ ያውቀዋል። ጣቱ የሚማረው ያወቀውን መንገድ ነው። ሰባቱን ድምፅም በኋላ ይማር፤ ያኔ የሚገባው የታረመ ቀኝ እጅና የሚያያይዝ ግራ እጅ ይዞ ነው።